የአውሮፕላን ሮታሪ ሞተር ማሸጊያ፦ የትኛው ቁስ ይበረክታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሮታሪ ሞተር ነገር ሲነሳ ወሬው ዞሮ ዞሮ ማሸጊያው ላይ ያርፋል። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቫልቭ የለውም፣ ሲሠራ ብዙም አይንቀጠቀጥም። ይህን ሁሉ ጥሩነት ይዞ ሰው እንዳያምነው የሚያደርገው አንድ ቀጭን ቁራጭ ነው። ከሚጠይቁኝ መካከል የአቪዬሽን ተማሪዎች አሉ። ውጭ አገር ሆነው በቤታቸው ጋራዥ አውሮፕላን የሚገጣጥሙ አሉ። ድሮን ላይ የሚሠሩም አሉ። ጥያቄያቸው ግን ይመሳሰላል፤ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

«ሮታሪ ሞተር» ሲባል የትኛው ነው?

ሁለት አሉ፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የመጀመሪያው የድሮው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግኖም እና ለ ሮን የሚባሉት የፈረንሳይ ሞተሮች ሲሊንደሮቻቸው ራሳቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከሩ ነበር። እሱን እዚህ አላነሳውም።

እዚህ የማወራው ስለ ቫንክል ሞተር ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ኤንኤስዩ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1957 አስነሳው። ፒስተን የለውም። በፒስተን ፋንታ ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር አለው። ሮተሩ ወገቡ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። የአሜሪካው ከርቲስ ራይት ኩባንያ በ1958 ፈቃዱን ገዝቶ አውሮፕላን ላይ ሞከረው። ሎክሂድ የሠራው ኪው ስታር የተባለው ድምፅ አልባ የስለላ አውሮፕላን መሞከሪያ በዚሁ ሞተር በሯል። ዛሬም ባለ ሞተር ተንሸራታቹ ሽላይከር ኤኤስኤች 26 ኢ እና የእስራኤሉ ድሮን ሄርሜስ 450 በቫንክል ይበራሉ፤ የአሜሪካ ጦር እስከ 2024 የተጠቀመበት ሻዶው የተባለው ድሮንም በቫንክል ይበር ነበር። በግል አውሮፕላን የሚሠሩት ደግሞ ከመኪና የወጣውን የማዝዳ 13ቢ ይመርጣሉ።

ማሸጊያው ምን ያህል ነው፣ ምንስ ይሠራል?

የፒስተን ሞተር የምታውቁ ከሆነ ፋሻን አስቡ። ፋሻው የሚነደውን ጋዝ ከላይ ያስቀራል፣ ዘይቱን ከታች ያስቀራል። በሮታሪ ይህንን ሥራ የሚሠሩት ብዙ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። በእያንዳንዱ ሮተር ላይ ሦስት የጫፍ ማሸጊያ፣ ስድስት የጎን ማሸጊያ እና ስድስት የማዕዘን ማሸጊያ አለ። የማዕዘኖቹ እንደ ትንሽ ቡሽ ክብ ናቸው፤ የጫፉንና የጎኑን ያገናኛሉ። ጋራዥ ውስጥ ሁሉንም «ሲል» ነው የምንለው፤ የጫፉን ደግሞ «ኤፔክስ ሲል»። ባለ ሁለት ሮተሩ 13ቢ ላይ ብቻ ሠላሳ ቁራጭ ይሆናል፤ የዘይትና የውሃ ማሸጊያዎቹን ሳንቆጥር።

የጫፉ ማሸጊያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸግረው?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

የ13ቢ የጫፍ ማሸጊያ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1986 ወዲህ ባሉት ሞተሮች ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። እጃችሁ ላይ ብታስቀምጡት የትንሽ ማስመሪያ ቁራጭ ይመስላል። ሻፍቱ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ሮተሩ 2,000 ጊዜ ይዞራል። ያኔ የማሸጊያው ጫፍ ግድግዳውን እየታከከ የሚሮጥበትን ፍጥነት ከሞተሩ ልክ ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ከ12 ሜትር በሰከንድ ገደማ ተነስቶ 31 ሜትር ይደርሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በሮተሩ አንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይህን ያደርጋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የተለመደው ላይካሚንግ ኦ-360 በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ፒስተኑ በአማካይ 10 ሜትር በሰከንድ ቢሄድ ነው።

ፍጥነቱ ብቻውን ቢሆን ቀላል ነበር። ማሸጊያው ግድግዳውን ቀጥ ብሎ አይነካም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እስከ 25 ዲግሪ ያዘነብላል። ስለዚህ የሚታከከው የተጠጋጋ አናቱ ነው፤ መስመር የሚያክል ጠባብ ቦታ።

ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት) የሆነው ማሸጊያ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር፣ በቤቱ ሰፊ በኩል በ10 ኪሎ ክብደት ያህል ወደ ግድግዳው ይገፋል። ወገቡ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በአንድ ኪሎ ያህል ወደ ውስጥ፣ ወደ ተቀመጠበት ቦይ ይመለሳል። እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው ላይ የሚያቆየው ከሥሩ ያለው ሞላና ከጀርባው የገባው የጋዝ ግፊት ብቻ ነው። ሞላው ከደከመ ማሸጊያው ይነሳል፣ ተመልሶ ይመታል፣ ይነሳል፣ ይመታል።

ይህን ምልክት በጣቴ አውቀዋለሁ። የተፈታ ቤት ውስጡን በብርሃን ሳየው የሚያብረቀርቅ ይመስላል። ጥፍሬን ስጎትትበት ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይንገጫገጫል። ጃፓኖቹ «የሰይጣን ጥፍር» ያሉት ይህንኑ ነው። ማዝዳ ፈቃዱን በ1961 ከገዛ በኋላ በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመሩ 47 መሐንዲሶች ዓመታት የፈጀባቸው እሱን ማጥፋት ነበር።

በጣም ጠንካራውን ቁስ ብመርጥ አልገላገልም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ነው። መልሴ አይደለም ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ጠንካራ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን።

የሸክላ ምጣድ አስቡ። በማንኪያ ብትፍቁት አይጫርም። ከእጃችሁ ካመለጠ ግን አለቀለት። ጠፍር ደግሞ በቢላ ይቆረጣል፣ ብትወረውሩት ግን ምንም አይሆንም። አንዱ አለመጫር ነው፣ ሌላው አለመሰበር። የጫፍ ማሸጊያ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ችግሩ አንዱ ሲጨምር ሌላው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ሌላም አለ። ማሸጊያውን ብቻውን መምረጥ አይቻልም። ወፍጮና መጅን እዩ፤ አንዱ ከሌላው ከባሰ፣ ለስላሳው ነው የሚያልቀው። ማሸጊያውን ከግድግዳው በላይ ያለመጠን ብታጠነክሩት የሚበላው ግድግዳው ይሆናል። ከሁለቱ ውዱ ደግሞ ግድግዳው ነው። ስለዚህ «የትኛው ማሸጊያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ጥያቄ ነው። «ለየትኛው ግድግዳ? በምን ዘይት? በምን ነዳጅ?» ካልተባለ መልስ የለውም።

በዚህ ነገር አንዴ ተቃጥያለሁ። አንድ ሻጭ «የማይሰበር» እያለ የሚሸጠውን የብረት ማሸጊያ ገዝተን፣ ክሮሙ ጠርዙ ላይ መላጥ የጀመረ ቤት ውስጥ ገጠምነው። ማሸጊያው እውነትም አልተሰበረም። ሞተሩ ግን ዓመት ሳይሞላው ለመነሳት ያስቸግር ጀመር። ስንፈታው ማሸጊያው አዲስ ይመስላል፣ ክሮሙ ግን ከተላጠው ቦታ ጀምሮ ተፍቆ ሄዷል። ሻጩ ስለ ግድግዳው አልጠየቀንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

እሺ፣ ምርጫዎቹ ምንድን ናቸው?

ካስት አይረን አንደኛው ነው። ማዝዳ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተጠቀመው ይህን ነው፤ የሚታከከው አናቱ በኤሌክትሮን ጨረር እየተመታ እንዲጠነክር ይደረጋል። አናቱ አይጫርም፣ አካሉ ደግሞ እንደ መስታወት አይደለም። ከማዝዳ የክሮም ግድግዳ ጋር ለብዙ ዓመታት ተጋብቶ ኖሯል። በ13ቢ ያለ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጨምቀው) የሚበር ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። አዲስ ነገር ስላልሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ለአየር የምፈልገው ባሕርዩ የታወቀ ነገር ነው።

ካርቦን ሁለተኛው ነው። ማዝዳ ከሰይጣን ጥፍር የተገላገለው በ1967 ለገበያ ባወጣው ኮስሞ ስፖርት ላይ፣ አልሙኒየም በውስጡ የሰረገ የካርቦን ማሸጊያ ገጥሞ ነው። ካርቦን በተፈጥሮው ራሱን ያለሰልሳል፣ ግድግዳውንም አይጎዳም። ክፋቱ መሰባበሩ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም መሆን አለበት። ለዛሬዎቹ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቦዮች አይሆንም።

ከዚያ በዱቄት ተጨምቆ የሚጋገረው ቲታኒየም ካርባይድ ያለበት ብረት አለ፤ ፌሮቲክ ይባላል። የኤንኤስዩ ሮ 80 ታሪክ እዚህ ይገባል። መኪናው በ1967 ወጣ፣ በ1968 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። ማሸጊያው ግን ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ኩባንያው በዋስትና ሞተር እየቀየረ ገንዘቡን ጨረሰ። በ1969 በፎልክስቫገን ሥር ገባ። ማሸጊያው በኋላ በፌሮቲክ ተስተካክሏል፤ ስሙ ግን አልተመለሰም። መኪናው እስከ 1977 ድረስ 37,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ጥሩ ማሸጊያ ዘግይቶ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል።

የብረት (ስቲል) ማሸጊያዎች ደግሞ በግል አምራቾች ይሸጣሉ። አይሰበሩም፣ ይጎብጣሉ። ዲቶኔሽን ሲመጣ፣ ማለትም ነዳጁ በሥርዓት መንደዱን ትቶ በአንዴ ሲፈነዳ፣ ካስት አይረኑ ይቆረጣል፤ ብረቱ ይታጠፋል። የታጠፈ ማሸጊያ ሮተሩንና ቱርቦውን ያተርፋል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ቶሎ ያልቃል፣ ተጨማሪ ዘይት ይፈልጋል፣ ጥሩ ግድግዳም ይፈልጋል። ጥራቱ ከአምራች አምራች ይለያያል።

ሴራሚክ የለ ማንን የመኪና ውድድር አሸንፏል። ታዲያ ለአውሮፕላን ለምን አይሆንም?

ይሆናል፤ ግን ዋጋ አለው። ማዝዳ 787ቢ በ1991 ለ ማን 24 ሰዓት ሲያሸንፍ ባለ አራት ሮተሩ ሞተሩ የሲሊኮን ናይትራይድ ማሸጊያ ነበረው። ያ ቁስ ክብደቱ ከካስት አይረን ከግማሽ ያነሰ ነው። ዘጠኝ ግራሙ አራት ግራም ይሆናል። ከላይ ያልኩት የ10 ኪሎ ግፊት ወደ አራት ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ግድግዳው እፎይ ይላል፣ ሙቀትም አይበግረውም።

አሁን ሌላውን ጎን እንየው። አልሙኒየም ሲሞቅ ብዙ ያብጣል፣ ካስት አይረን ከግማሹ ያነሰ፣ ሲሊኮን ናይትራይድ ደግሞ ምንም አያብጥም ማለት ይቀላል። 80 ሚሊ ሜትሩን ወስደን በ150 ዲግሪ እናሙቀው። አልሙኒየሙ ቤት ሩብ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰፋል። የካስት አይረኑ ማሸጊያ 0.13 ይከተለዋል። ሴራሚኩ የሚሰፋው 0.04 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ሞተሩ ሲሞቅ በማሸጊያው ጫፍና በጎን ግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ለሴራሚክ ሰፋ ይላል። ይህንን አስልቶ፣ ማሸጊያውን በልኩ ሞርዶ የሚገጥም እጅ ያስፈልጋል።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ስብራቱ ነው። ሴራሚክ «ልሰበር ነው» ብሎ አይናገርም። ለ ማን ላይ ሞተሩን መሐንዲሶች ቀንም ሌሊትም ይጠብቁታል፣ ከውድድሩ በኋላም ይፈታል። የእናንተ አውሮፕላን ላይ እንዲህ የሚጠብቀው የለም። የአየርና የነዳጅ ቅልቅላችሁንና ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት በቁጥር የምታውቁ፣ የሙቀት መለኪያ በየቦታው የገጠማችሁ ካልሆናችሁ፣ ሴራሚኩን ተዉት።

የቤቱ ግድግዳ በምን ይሸፈን?

ማዝዳ በአልሙኒየሙ ውስጥ የብረት ላሜራ ጨምሮ በላዩ ክሮም ይቀባል። ክሮሙ ዘይት የሚይዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሞተሩ እንዲበረክት ካደረጉት አንዱ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ክሮሙን «ላብረቅርቀው» ብላችሁ በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት።

ሌላው ኒካሲል ነው፤ ኒኬል በውስጡ የሲሊኮን ካርባይድ ደቃቅ የተበተነበት። ማህሌ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1967 ያወጣው ለዚሁ ለቫንክል ሞተር ብሎ ነበር፤ በኋላ በየመኪናውና በየሞተር ብስክሌቱ ሲሊንደር ገባ። ጠላቱ ድኝ ያለበት ቤንዚን ነው። በ1990ዎቹ የአንዳንድ ቢኤምደብሊው እና ጃጓር ሞተሮችን የበላው እሱ ነው። የመኪና ቤንዚን የምትጠቀሙና የቤንዚኑ የድኝ መጠን የማይታወቅበት አገር የምትበሩ ከሆነ ይህን አስቡበት። ተንግስተን ካርባይድ የሚረጭባቸውም አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ ትክክለኛውን ማሸጊያ ካላገኘ ደግሞ ሞረድ ይሆናል።

አየር ላይ አንድ ማሸጊያ ቢሰበር ምን ይሆናል?

አንድ የጫፍ ማሸጊያ ሁለት ክፍሎችን ነው የሚለያየው። እሱ ከሄደ ከሦስቱ የሮተሩ ጎኖች ሁለቱ ይደክማሉ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኃይሉ ይወድቃል። ባለ ሁለት ሮተር ከሆነ ግን ሁለተኛው ሮተር ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ጨርሶ አይቆምም። ሰዎች ሮታሪን ለአውሮፕላን የሚወዱት በዚህ ነው። የፒስተን ሞተር ኮሎዶካው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ቢቆረጥ ሁሉም ነገር በአንዴ ያበቃል፤ ሮታሪ ግን እያነከሰም ቢሆን ወደ ሜዳ የማድረስ ዕድል ይሰጣል።

ቱርቦ ካለ ነገሩ ይለያል። ስባሪው በጭስ ማውጫው ወጥቶ የቱርቦውን ምላጭ ይመታል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሰው ከሰዓት ብዛት በፊት የስብራቱን ዓይነት ያስብ። «ስንት ሰዓት ይቆያል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «ሲያልቅ እንዴት ነው የሚያልቀው?» ግን ለአየር ይቀድማል። ቀስ እያለ ኮምፕረሽን (የታመቀ ጋዝ ግፊት) የሚያጣ ማሸጊያ ያስጠነቅቃችኋል። በድንገት የሚበተን አያስጠነቅቅም።

የጎማ ማሸጊያዎቹስ?

ሰው ሁሉ ስለ ጫፉ ማሸጊያ ያወራል፤ ብዙ የሮታሪ ሞተር የሚሞተው ግን በውሃ ማሸጊያው ነው። በቤቱና በጎን ግድግዳዎቹ መካከል፣ እሳቱን ከውሃው የሚለዩ ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች አሉ። ሞተሩ አንዴ በደንብ ከተቃጠለ ጎማው ይደርቃል። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ፣ የራዲያተር ውሃ መጉደል፣ አረፋ፦ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ናይትራይል እስከ 100 ወይም 120 ዲግሪ ድረስ ጥሩ ነው፣ ዘይትና ቤንዚን ይችላል። ቪቶን እስከ 200 ዲግሪ ይሄዳል፣ ነዳጅም ይችላል። ሲሊኮን ጎማ ሙቀትንም ብርድንም ይችላል፣ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፤ ነዳጅ መስመር ላይ አታስገቡት። ስለዚህ ለዘይት ቀለበቶቹና ለነዳጅ መስመሩ ቪቶን እላለሁ። ለውሃ ቀለበቱ ግን የምትጠቀሙትን የራዲያተር ፈሳሽ ለሻጩ ነግራችሁ ጠይቁ፤ አንዳንድ የቪቶን ዓይነት ሙቅ የራዲያተር ፈሳሽ አይስማማውም።

ቪቶን ብርድ ላይ ይደነድናል፤ ተራው ዓይነት ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ መለመጡን ያጣል። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር ታሪክ እዚህ ጋ ነው። ጥር 28 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.) ማለዳ ፍሎሪዳ በረዶ ነበር፤ ሲነሱ ቅዝቃዜው 2 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የሮኬቱ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ከቪቶን ዓይነት ጎማ ነበር፤ በብርዱ ቶሎ ተመልሶ አልዘረጋም፣ ጋዙ ሾለከ፣ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በየካቲት በምርመራው ችሎት ላይ ቁራጩን በማቆንጠጫ ይዞ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሲያወጣው እንደተጨመቀ ቀረ። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ክረምት የምትበሩ ከሆነ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩን አሙቁ።

ለኢትዮጵያ ከፍታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ወጥታችሁ ስትበሩ ይብሳል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ፣ ውሃው ካንዴላው አካባቢ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ጌጁ ላይ የሚያሰጋ ቁጥር ሳታዩ የውሃ ማሸጊያው ሊቃጠል ይችላል። አሥር ጊዜ ማሸጊያ ከመቀየር አንድ ጥሩ ክዳን ይሻላል።

ጎማ ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ። በአቪዬሽኑ መመሪያ በትክክል የተቀመጠ ናይትራይል የመደርደሪያ ዕድሜው 15 ዓመት ነው፤ ለቪቶን ገደብ አልተቀመጠለትም።

ነዳጁ ውስጥ ዘይት መቀላቀል አለብኝ?

የጫፍ ማሸጊያው ዘይት ካላገኘ ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ይፈትጋል። ማዝዳ ለዚህ ትንሽ የዘይት ፓምፕ አለው፤ ከሞተሩ ዘይት እየቀነሰ ይረጫል። የሞተር ዘይት ሲነድ አመድ ስለሚተው ብዙ የአውሮፕላን ሰዎች ፓምፑን አንስተው ንጹሕ የሚነድ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ቤንዚን ውስጥ ይቀላቅላሉ። አንድ እጅ ለመቶ እና ከዚያ ትንሽ ቀጠን ያለ ነው የተለመደው። እኔም ይህን እመርጣለሁ። ግን አንድ ቀን ሳይቀላቀል ከተሞላ ማሸጊያው ያንን በረራ ደረቅ ነው የሚሠራው። መቅጃው አጠገብ በትልቁ ጻፉት።

ሊድ (እርሳስ) ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን ይጎዳል?

ለሮታሪ አያስፈልገውም። በዝቅተኛ ኦክቴን ይሠራል። 100 ኤልኤል የሚባለው የአቪዬሽን ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም ሊድ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ካንዴላውን ይደፍናል፣ ማሸጊያው ቦዩ ውስጥ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያጣብቀዋል። ሌላ ከሌለ ተጠቀሙ፣ ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ማሸጊያው መድከሙን በምን አውቃለሁ?

በተራ የኮምፕረሽን መለኪያ አይታወቅም። ጌጁ ከፍተኛውን ይዞ ይቀራል፤ ሦስት የሮተር ጎኖች ግን አሉ። አንዱ ደህና ከሆነ ሁለቱን ይሸፍንላቸዋል። የመለኪያውን የመልስ ቫልቭ አውጡትና መርፌው ሲዘል እዩ። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። ቱፍ፣ ከዚያ ሁለት ደካማ ከሆነ የጫፍ ማሸጊያ ሄዷል። ሦስቱም እኩል ደካማ ከሆኑ የጎኑን ጠርጥሩ። የሮታሪ ልዩ መለኪያ ቢኖር ይበልጣል፤ ሦስቱን ለየብቻ ያነባል። ሁሌም በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የዙሩን ፍጥነት ጽፋችሁ ለኩ። የአንድ ቀን ቁጥር ብዙም አይናገርም፤ የሃያ በረራ ቁጥሮች ሲደረደሩ ናቸው የሚናገሩት።

ከመኪና የወጣውን ሞተር ማሸጊያ መልሼ ልጠቀምበት?

ለመኪና ተከራከሩ። ለአውሮፕላን አይሆንም። ሞላዎቹንም ቀይሩ፤ ሙቀት ያገኘው ሞላ መልኩ ደህና ሆኖ ጉልበቱ ያለቀ ነው። የጎን ማሸጊያዎችን ግን አዲስ ሲገባ በየቦያቸው በልካቸው መሞረድ እንዳለባቸው አትርሱ፤ ከሳጥን አውጥቶ መክተት አይደለም።

ቁሱን እንደፈለግሁ መቀየር ይፈቀድልኛል?

ሞተሩ የአቪዬሽን ፈቃድ ያለው ከሆነ አይፈቀድም፤ አምራቹ በመመሪያው ያለውን ብቻ ነው የምትገጥሙት። አሜሪካ ውስጥ «ኤክስፐሪመንታል» በሚባለው ክፍል የሚመዘገብ፣ ራሳችሁ የሠራችሁት አውሮፕላን ላይ ምርጫው የእናንተ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ቁራጩን ከማዘዛችሁ በፊት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ምርጫው የእናንተ በሆነበት ቦታ ሻጩ የማሸጊያውን ዋጋ ከመናገሩ በፊት «የሞተራችሁ ቤት ምን ሽፋን አለው? ምን ነዳጅ ትሞላላችሁ?» ብሎ ካልጠየቃችሁ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።